ከበሩ በስተቀኝ ጀምረህ ቁጠር

ወዳጄ፣ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እናትህስ በረቱልህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

«የአባቴ ቤት ሊፈርስ ነው» ብለህ ከጻፍክልኝ ሦስት ዓመት አለፈ። የማጽናኛ ቃል አጥቼ ዛሬ ነገ ስል ቀረሁ። ይቅር በለኝ።

አሁን ቨርጂኒያ፣ ሸናንዶዋ ሸለቆ ውስጥ ነው የምሠራው። ድሮ በጥርብ ግንድ የተሠሩ ቤቶችን ነቅለን መልሰን እንተክላለን። ከመንቀላችን በፊት ለእያንዳንዱ ግንድ ቁጥር እንሰጠዋለን፤ «ሰሜን 4» ካልን በሰሜኑ ግድግዳ ከታች አራተኛው ነው።

ማዕዘኑን ብታየው! የግንዱ ጫፍ ዘቅዘቅ ተደርጎ ይጠረባል፤ ላዩ የሚያርፈውም በዚያው ልክ ይቆረጣል። ክብደት ሲጫነው ይበልጥ ይነክሳል እንጂ አይንሸራተትም። አንድ ምስማር የለበትም።

እንጨቱ የአሜሪካ ቼስትነት የሚባል ዛፍ ነው። በፈረንጆቹ 1904 ኒው ዮርክ ላይ የታየ የፈንገስ በሽታ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠር ዛፍ ፈጀ። ዛሬም ከሥሩ ያቆጠቁጣል፤ ግን ግንድ ሳያወጣ በሽታው ይቀጨዋል። እንዲህ ያለ ግንድ ከእንግዲህ የሚገኘው እነዚህ ግድግዳዎች ውስጥ ነው። መጋዝ ሳነሣ ሁለት ሦስቴ የምለካው ለዚህ ነው።

የታችኛው ግንድ ግን በስብሶ አገኘነው። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው በግንዶቹ መሐል ያለውን ክፍተት በሲሚንቶ ደፍኖታል። ሰርጎ የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ እንጨቱን በላው። ጭቃና ኖራ ቢሆን እርጥበቱን ያስወጣው ነበር። የበሰበሰውን አውጥተን በሌላ አሮጌ ግንድ ተካነው።

ከጣሪያው ሥር ሲሚንቶ ያልነካው የጥንቱ ምርጊት ነበር፤ ጭድ የገባበት ጭቃ። ላዩ ላይ የአራት ጣት አሻራ ደርቆ ቀርቷል። ጣቶቼን ባሳርፍበት ልክክ አለ። እናትህ ግድግዳ ሲመርጉ፣ እኔና አንተ ጭቃውን በባዶ እግራችን ስናቦካ፣ ጭዱ ሲቧጥጠን ታየኝ። መሰላሉ ላይ እንዳለሁ እንባዬ መጣ።

ቤቱ ፈርሶ ከሆነ የጥድ ምሰሶዎቹ ለማገዶ እንዳይሄዱ አደራ። ካልፈረሰ አራቱንም ማዕዘን ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ ከበሩ በስተቀኝ ጀምረህም ምሰሶዎቹ ላይ በከሰል ቁጥር ጻፍ። ለፋሲካ መሮዬን ይዤ እመጣለሁ።

እናትህን ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

ናፋቂህ ወንድምህ