«በኋላ» የምትለዋ ቃል ትታረምልን

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ሳምንት «የካራማራው ጀግና አረፉ» ብላችሁ ያወጣችሁትን ዘገባ አራት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ለእናቴ፣ አንዴ ለወንድሜ በስልክ። አራተኛውን ያነበብኩት ምናልባት ዓይኔ አሳስቶኝ ይሆናል ብዬ ነው። አላሳሳተኝም።

የሟቹን ስም እዚህ አልደግመውም። በአንድ ፊደል ብታበላሹትም አንባቢ ማንን እንደምል ያውቃል። ቢቸናንም ምዕራብ ጎጃም አድርጋችኋታል። ምሥራቅ ጎጃም ናት። ይህን ይቅር ብያለሁ፤ ለአዲስ አበባ ሰው ከዓባይ ማዶ ያለው ሁሉ አንድ ጎጃም ነው። 40 ዓመት «መምህር» ሲባሉ የኖሩትን ሰውም ሲሞቱ «አቶ» ብላችኋቸዋል። እሱንም ዋጥ አድርጌዋለሁ። ያንገበገበችኝ ግን አንዲት ቃል ናት። እንዲህ ጽፋችኋል፦ «ከጦርነቱ በኋላ የመምህርነት ሥራ ጀምረው ጊዜያቸውን በማስተማር ያሳልፉ ነበር።»

በኋላ?

እስቲ ቀስ ብለን እንቁጠር። መቁጠር ያስተማሩኝ እሳቸው ስለሆኑ ብዙ አልሳሳትም። ካራማራ የካቲት 26 ቀን 1970 ነው። ይህን እናንተም በትክክል ጽፋችኋል። እናቴ ሳጥን ውስጥ ያለው የታላቅ ወንድሜ የ3ኛ ክፍል ካርድ ግን የ1966 ነው። ከታች «የክፍሉ መምህር» ከሚለው አጠገብ ፊርማቸው አለ። ጅራቷ ወደ ላይ የምትሸሽ ፊርማ ናት። በ1977 በእኔም ካርድ ላይ ያረፈችው እሷው ነች። 1966 ከ1970 ይቀድማል። ካርዱ ወንድሜን ከ52 ተማሪ 41ኛ ይለዋል። ስለዚህ ለቤታችን ክብር ብለን የፈበረክነው ማስረጃ እንዳልሆነ ትረዱልኛላችሁ።

ወንድሜ ዛሬም ድረስ የሚያሳብበው በዚያ ዓመት የካቲት ላይ መምህራን ሴክተር ሪቪው በተባለው የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ ሳቢያ በመቱት አድማ ነው። እሳቸውም አድማውን መትተዋል። ወንድሜን ግን «የተዘጋውስ ያንተ ጆሮ ነው» ይሉት ነበር።

ከደብረ ብርሃን የመምህራን ማሠልጠኛ ወጥተው ወደ እኛ የመጡት በ1963 ነው። ጡረታ የወጡት በ2003። በመሀል ሁለት ጊዜ ከክፍላቸው ጠፍተዋል። ሁለቱም ጊዜ ተመልሰዋል።

ጋዜጠኛችሁን ያሳሳተው «ዘማች» የሚለው ቃል ሳይሆን አይቀርም። እውነቱን ለመናገር በዚያ ዘመን ሁሉም ነገር ዘመቻ ነበር። በ1967 የእድገት በኅብረት ዘመቻ ነበር። ተማሪውም መምህሩም ገጠር ወርዶ ፊደል አስቆጠረ፤ የመሬት አዋጁ ሲወጣም ገበሬ አደራጀ። በ1969 የእናት ሀገር ጥሪ መጣ። ከዚያ በሐምሌ 1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። መምህራችን በሦስቱም ዘምተዋል። በሁለቱ ጠመኔ፣ በአንዱ ጠመንጃ ይዘው። እናንተ የቆጠራችሁት አንዱን ብቻ ነው። ጠመንጃው ሁለት ለአንድ ተሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

ጀግንነታቸውን ላሳንስ አይደለም የመጣሁት። ጅጅጋ መስከረም ላይ በሶማሊያ ጦር ተይዛ እስከ የካቲት ድረስ አገር ምን እንደሆነ ትልልቆቹ ነግረውናል። እሳቸው ግን ስለዚያ ጊዜ ክፍል ውስጥ አንድ ቀን አውርተው አያውቁም። እኛ እንዲያወሩ ብዙ ሞክረናል። በተለይ የሒሳብ ፈተና ሲደርስ።

ዘገባውን ካነበብኩ በኋላ ቢሯችሁ ደወልኩ። ሦስት ቦታ አዙረውኝ አንድ ወጣት አገኘሁ። ትሑት ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ዞሮ ዞሮ ሁለቱንም ሠርተዋል አይደል? ምን ለውጥ አለው?» አለኝ። ዞሮ ዞሮማ ሁላችንም እንሞታለን፤ ታዲያ እናንተስ ጋዜጣ ለምን ታትማላችሁ?

ለውጡን ልንገራችሁ። ወታደር ከጦር ሜዳ ተመልሶ አስተማሪ ቢሆን፣ ትምህርት ቤቱ ማረፊያው ነው። መልካም ነገር ነው፣ አልከፋም። መምህር ክፍሉን ትቶ ሲዘምት ግን ትቶት የሚሄደው ነገር አለ። እሳቸው ትተውት የሄዱት እነ ወንድሜን ነው። ሲመለሱ በግራ ጭናቸው ውስጥ የቀረች ፍንጣሪ ይዘው መጡ። በእግራቸው ምክንያት አውራጃ ቢሮ ተቀምጠው እንዲሠሩ ተነግሯቸው ነበር። ወንበርና ጠረጴዛ፣ ቆሞ መዋል የሌለበት ሥራ። እምቢ ብለው እዚያው ክፍል ገቡ። ቆመው 33 ዓመት አስተማሩ። ይህ ነው እንግዲህ «ጊዜያቸውን ያሳልፉ ነበር» የተባለው።

ያቺ ፍንጣሪ በኛ ሰፈር ታዋቂ ነበረች። «ዛሬ ከሰዓት ይዘንባል፣ እግሬ ነግሮኛል» ይሉን ነበር። ከሬዲዮው ይልቅ የሳቸው እግር ይታመናል። ስጥ ያሰጡ እናቶች «ሂድ መምህርን ጠይቅ» ብለው ልጅ ይልኩ ነበር። እኔም ተልኬ አውቃለሁ። ሰሌዳውን ደገፍ ብለው፣ ዳስተሩን በእጃቸው እንደያዙ፣ «አስገቡት በላት» አሉኝ። ዘነበም።

ጋዜጠኛችሁ ቀብሩ ላይ ነበረ። ፉከራውን ቀርጾ ሄደ። አልወቅሰውም፣ ፉከራ በቪዲዮ ያምራል። የማባዛት ሰንጠረዥ ሲፎከርበት ታይቶ አይታወቅም። እኔ ግን የወንድሜን ካርድ በፌስታል ይዤ አጠገቡ ቆሜ ነበር። «አንድ ነገር ላሳይህ» አልኩት። «ቆይ አባት፣ የሠራዊቱን ሰዎች ልጨርስ» አለኝ። እነሱን ጨርሶ መኪናው ውስጥ ገባ። «አባት» ማለቱንም መዝግቡልኝ። ገና 49 ዓመቴ ነው።

ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ጥሩ ነገር ይሰማ ነበር። ያ ሲፎክሩ ያሳያችኋቸው ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ታጠቅ ጦር ሰፈር አብረዋቸው ሠልጥነዋል። በኋላ ድንኳን ውስጥ ንፍሮ እየቆረጠሙ ምን አሉ መሰላችሁ? «ተኩሱንስ ሁላችንም ተኩሰናል። ለሚስቴ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ግን እሱ ብቻ ነበር። እሷ ደግሞ ማንበብ አትችልም፣ ለቄሱ ወስዳ ታስነብባለች። ቄሱ ስለሚሰሙ ቁም ነገር ቁም ነገሩን ብቻ ነበር የማጽፈው።» ድንኳኑ በሣቅ ፈነዳ። ለቅሶ ቤት እንዲያ ሲሣቅ አይቼ አላውቅም። ካሜራችሁ በዚያ ሰዓት ዓባይ በረሃ ደርሷል።

አሁን ወደ እናቴ ልምጣ። ለነገሩ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈችኝ እሷ ናት።

እናቴ እስከ 1972 ድረስ በአውራ ጣቷ ነበር የምትፈርመው። ያን ዓመት ማታ ማታ በገበሬ ማኅበሩ ቤት በፋኖስ ተማረች። እኔን አጠገቧ አስተኝታ። እሳቸው ቀን ልጆቹን፣ ማታ እናቶቹን ያስተምሩ ነበር። እናቴ «ሀ»ን ወዲያው ያዘችው። «ጨ» ግን እስከ ዛሬ ትታገላታለች። የኅብረት ሱቁ ስኳር ሲያድል ጣት የሚነከርበትን ቀለም ገፋ አድርጋ «ብዕር አምጡ» አለች። ሰልፉ ቆሞ ጠበቃት። ሦስት ፊደል ለመጻፍ ብዙ ደቂቃ ፈጀባት ይላሉ። ስኳሩ ካለቀባቸው መካከል እስካሁን የሚቀየሟት አሉ።

ዘገባችሁን ሳነብላት ዝም ብላ ሰማችኝ። ሲያልቅ «ሌላ የለውም?» አለች። የለውም አልኳት።

«እንግዲያ እኔን ማን አስተማረኝ? ካራማራ ነው?»

መልስ አጣሁ። ለዚያ ነው የደወልኩት፤ ስልኩም መልስ ሲያሳጣኝ ወደ ደብዳቤ የገባሁት።

ያ ትሑት ልጅ በመጨረሻ ያለኝን ላስታውሳችሁና ላብቃ። «ቦታ ጠቦን ነው» አለኝ። ጋዜጣውን አውጥቼ አየሁት። ከዘገባው ሥር ያገለገሉ ጎማዎች የሚሸጡበት ጨረታ ሩብ ገጽ ይዟል። ጎማዎቹ ከነብዛታቸው፣ ከነመጠናቸው አንድ በአንድ ተዘርዝረዋል። አንድም ጎማ አልተረሳም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። «በኋላ» የምትለዋ ወጥታ «በፊትም በኋላም» ትግባበት። «ጊዜያቸውን ያሳልፉ ነበር» የሚለው ጨርሶ ይውጣ። የካርዱን ፎቶ ኮፒ ከዚህ ጋር ልኬላችኋለሁ። ወንድሜ ደረጃው እንዲሸፈንለት ለምኖኝ ነበር፤ ትዝ ሲለኝ ፖስታው ታሽጓል። አርባቸው ሳይወጣ እርማቱ ቢታተም ደስ ይለናል። ፊደሉንም ተለቅ አድርጉት። እናቴ ይህን ራሴ ነኝ የማነበው ብላለች።

የቀድሞ ተማሪያቸው
ከቢቸና፣ ምሥራቅ ጎጃም