ከሊብረቪል ለወገኖቻችንና ለጎረቤቶቻችን የቀረበ የምስጋና መልእክት

የጋቦን ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ውጤት ነሐሴ 25 ቀን 2008 ዓ.ም. ከተነገረ በኋላ በሊብረቪል በተነሣው ሁከት እኔን፣ ባለቤቴንና ልጆቻችንን በቤታችሁ ላስጠጋችሁን፣ ካላችሁ ላይ ቆርሳችሁ ላበላችሁን፣ ሌሊቱን በተራ ደጃችንን ለጠበቃችሁልን የሰፈራችን ሰዎች፣ እንዲሁም በአዲስ አበባ ሆናችሁ ድምፃችን ጠፍቶባችሁ ስትጨነቁ ለሰነበታችሁ ዘመዶቻችንና ወዳጆቻችን ሁሉ፣ በራሴና በቤተሰቤ ስም ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ኢንተርኔቱ የውጤቱ ዕለት ማታ ሙሉ በሙሉ ተቋርጦ ለቀናት ቆይቷል፤ ከተመለሰ በኋላም ሌሊት ሌሊት ይዘጋ ስለነበር የእንቁጣጣሽን መልካም ምኞታችሁን እንኳ በወጉ ለመመለስ አልቻልንም። ዛሬ ሁላችንም ደኅና ነን፤ ልጆቹም እንቅልፋቸው ተመልሷል።

ስልኩ እንደተከፈተ ከብዙዎቻችሁ የደረሰኝ ጥያቄ ግን አንድ ዓይነት ነበር። «ያ የኛ ሰውዬ፣ የአፍሪካ ኅብረቱ ዣን ፒንግ፣ እንዴት አድርጎ ተቃዋሚ ሆነ?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ለአዲስ አበባ ሰው አቶ ፒንግ እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2012 የኅብረቱ ኮሚሽን ሊቀመንበር ሆነው በዜና የሚታዩ፣ ዝግ ብለው በፈረንሳይኛ የሚናገሩ ዲፕሎማት ናቸው። እኔ ኑሮዬ እዚህ ከሆነ ወዲህ የማየው ሌላውን ገጻቸውን ስለሆነ፣ ምስጋናዬን ሳቀርብ ለጥያቄያችሁም መልስ መስጠት ተገቢ መስሎ ታየኝ። በዚህ ምርጫ በወቅቱ ፕሬዚዳንት የነበሩትን አሊ ቦንጎን የተፎካከሩት እርሳቸው ስለሆኑ፣ ያለፈው ነሐሴ መከራ ከእኚህ ሰው የሕይወት መንገድ ተነጥሎ ሊገባ አይችልምና። የአቶ ፒንግን የሕይወትና የሹመት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የምርጫውን ሁከት ቀናት ግን በእኛ አቆጣጠር አስቀምጣለሁ።

አቶ ፒንግ በ1942 ከፖርት ዣንቲ በስተደቡብ በምትገኘው ኦምቡዌ ከጋቦናዊት እናትና ከቻይናዋ ዌንዡ ከመጡ አባት ተወለዱ። በፓሪስ የምጣኔ ሀብት ትምህርታቸውን እስከ ዶክትሬት ተከታትለው በዩኔስኮ ሠሩ፤ በ1984 የፕሬዚዳንት ኦማር ቦንጎ የካቢኔ ኃላፊ ሆኑ። ከዚያ በኋላ ሹመቱ በሹመት ላይ ተደራርቧል፤ የማስታወቂያ ሚኒስትርነቱ፣ የማዕድንና የነዳጅ ሚኒስትርነቱ፣ በ1993 የነዳጅ ላኪ አገሮች ድርጅት የኦፔክ ፕሬዚዳንትነቱ፣ ከ1999 እስከ 2008 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነቱ፣ በዚህም መካከል ከ2004 እስከ 2005 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ፕሬዚዳንትነቱ ሁሉ የተገኙት በአንድ ቤት ጥላ ሥር ነው። ቤተሰባዊ ትስስርም አለ፤ ከኦማር ቦንጎ ልጅ፣ ከአሊ ቦንጎ እህት ከፓስካሊን ቦንጎ ሁለት ልጆች ወልደዋል። ስለዚህ በኋላ በአደባባይ የታገሉትን ሥርዓት ካቆሙት ሰዎች መካከል አንዱ እርሳቸው መሆናቸውን መሸሸግ አይገባም፤ የሰፈሬ ሽማግሌዎችም ይህን አልዘነጉትም።

ታዲያ ለምን አመኗቸው? የእኔ ግምት ከአዲስ አበባው ዘመናቸው ይጀምራል። ቀድሞ ዓለም በቃኝ እስር ቤት በነበረበት ቦታ ላይ ቻይና ያሠራችው የኅብረቱ አዲስ ሕንፃ በጥር 2012 በተመረቀበት ሰሞን፣ አቶ ፒንግ ለሁለተኛ የሥራ ዘመን ተወዳድረው ነበር። ተፎካካሪያቸው የደቡብ አፍሪካዋ ንኮሳዛና ድላሚኒ ዙማ ነበሩ። ለሦስት ዙር ሁለቱም ሁለት ሦስተኛውን ድምፅ ሳያገኙ ቀሩ፤ በአራተኛው ዙር አቶ ፒንግ ብቻቸውን ቀርበው እንኳ ድምፁ አልሞላም። በሐምሌው ጉባኤ እንደገና ተቆጠረ፤ ተሸነፉ፤ በጥቅምትም ወንበሩን ለድላሚኒ ዙማ አስረክበው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በአፍሪካ ከፍተኛ ሥልጣን ላይ ተቀምጠው በድምፅ ተሸንፈው ያስረከቡ ሰዎች ብዙ አይደሉም። ሰውዬው ከአራት ዓመት በኋላ በሊብረቪል «ድምፁ በየምርጫ ጣቢያው ይቆጠር» ሲሉ፣ መቆጠር ምን እንደሚያስከፍል በራሳቸው ላይ አይተውት ስለነበር ቃላቸው ለእኔ ክብደት ነበረው።

ኦማር ቦንጎ ከ40 ዓመት በላይ ከገዙ በኋላ በ2009 ሲሞቱ ልጃቸው አሊ ቦንጎ ተተኩ። አቶ ፒንግ በየካቲት 2014 ከገዥው የጋቦን ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ ለቀቁ። በወቅቱ በነበረው የጋቦን የምርጫ ሕግ ውድድሩ አንድ ዙር ብቻ ነበር፤ ብዙ ድምፅ ያገኘ፣ ከግማሽ በታች ቢሆንም፣ ያሸንፍ ነበር። ተቃዋሚዎች በተበተኑ ቁጥር ገዥው ይጠቀም ነበር ማለት ነው። በ2016ቱ ምርጫ ግን የቀድሞው የፓርላማ አፈ ጉባኤ ጊ ንዙባ ንዳማና የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ካሲሚር ኦዬ ምባ ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ለአቶ ፒንግ ሲሉ ከውድድሩ ወጡ። እነዚህም እንደ እርሳቸው የዚያው የቦንጎ ዘመን ሹማምንት ነበሩ። የተቃዋሚው ጎራ የቆመው በአብዛኛው ከውስጥ በወጡ ሰዎች ነው።

በዘመቻው ወቅት ያዘንኩበትንም ልጻፍ። በአንድ ወገን የአቶ ፒንግ አባት ቻይናዊነት እንደ ነውር ተነሣ፤ በሌላው ወገን ደግሞ አሊ ቦንጎ ጋቦናዊ ሆነው አልተወለዱም የሚለው ክስ የመከራከሪያ መሣሪያ ሆነ፤ አቶ ፒንግም ራሳቸው ከዚህ ክስ አልራቁም። ስንት የሚጠየቅ ነገር እያለ በሰው ትውልድ ላይ መከራከር ለሁለቱም አይመጥናቸውም ነበር።

ውጤቱ ሲነገር አሊ ቦንጎ 49.80፣ አቶ ፒንግ 48.23 ከመቶ አገኙ ተባለ፤ ልዩነቱ 5,594 ድምፅ ብቻ ነበር። ጋቦን ዘጠኝ ክፍላተ ሀገር አላት። የስምንቱ ድምር አቶ ፒንግን ያስቀድም ነበር፤ ውጤቱን የገለበጠው በመጨረሻ የመጣው የኦት ኦጎዌ፣ የቦንጎ ቤተሰብ የትውልድ ክፍለ ሀገር ድምፅ ነው። በዚያ ከተመዘገበው መራጭ 99.93 ከመቶው ድምፅ ሰጥቷል፣ ከሰጠውም 95.46 ከመቶው ለአሊ ቦንጎ ነው ተባለ። በአገር አቀፍ ደረጃ ድምፅ የሰጠው 60 ከመቶ እንኳ አይሞላም ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ታዛቢዎችም በዚያ ክፍለ ሀገር ውጤት ላይ ግልጽ ጥያቄ አንሥተዋል። የሰፈራችን ልጆች እነዚህን ቁጥሮች በቃላቸው ይዘዋቸዋል፤ ወደ ጎዳና ያወጣቸውም ይኸው ነው።

በዚያ ማታ የብሔራዊ ሸንጎው ሕንፃ ነደደ። ሌሊቱን የጸጥታ ኃይሎች የአቶ ፒንግን የምርጫ ጽሕፈት ቤት ሰብረው ገቡ፤ እርሳቸው በዚያ አልነበሩም፣ በውስጡ የነበሩ ከ20 በላይ የተቃዋሚ መሪዎች ግን ለሁለት ቀን ያህል እንዳይወጡ ተደረጉ። ስንት ሰው እንደሞተ መንግሥትና ተቃዋሚዎች አልተስማሙም። የሞቱትን ሁሉ ነፍስ ይማር።

ምስጋናዬ በተለይ ለሁለት ቤተሰቦች ይድረስ፤ ሰላማቸውን ስለምሻ ስማቸውን አልጠራም። በስተግራ ያሉት ጎረቤታችን በሰፈሩ ምርጫ ጣቢያ የአቶ ፒንግ ወኪል ሆነው ቆጠራውን የተከታተሉ መምህር ናቸው። በስተቀኝ ያሉት ከኦት ኦጎዌ የመጡ፣ ለአሊ ቦንጎ ድምፅ የሰጡና ይህንንም ያልደበቁ ቤተሰብ ናቸው። ያ ውጤት ከተነገረ በኋላ የበቀል ቁጣ በእነርሱ ላይ እንዳይወርድ ሁላችንም ፈርተን ነበር። መምህሩ ግን ልጆቻቸውን ከቤት አውጥተው በእነዚያ ጎረቤቶች ደጅ አቆሟቸው፤ እነዚያም በበኩላቸው የቤታችን ደጅ በጥይትና በጭስ መካከል በነበረበት ሰዓት እኛን ከነልጆቻችን ወደ ጓሮ ክፍላቸው አስገብተው፣ ካሳቫቸውንና ዓሣቸውን አካፍለውናል። መምህሩ የፈረሙበትን የቆጠራ ቃለ ጉባኤ ግልባጭ በፕላስቲክ ጠቅልለው አስቀምጠውት ነበር፤ ያ ወረቀት በእጃቸው እያለ ጎረቤታቸውን መጠበቃቸው፣ ጥያቄያቸው ከሰው ጋር ሳይሆን ከቆጠራው ጋር እንደነበረ አሳይቶኛል።

ነሐሴ 30 ቀን የፍትሕ ሚኒስትሩ ሴራፋን ሙንዱንጋ ቆጠራው እንዲጣራ ጠይቀው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ከመንግሥት ውስጥ ይህን የመሰለ ድምፅ መሰማቱ በእነዚያ ቀናት ያጽናናን ስለነበር እርሳቸውንም ማመስገን ግዴታዬ ነው። አቶ ፒንግ ጳጉሜን 3 ቀን አቤቱታቸውን ለሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት አስገቡ። ተቃዋሚዎች ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል ሲሉ «የፒሳ ግንብ» ብለው የሚጠሩት ፍርድ ቤት ስለሆነ፣ ብዙ ደጋፊዎቻቸው አትሂዱ ብለዋቸው ነበር። መሄዳቸውን እኔ በበጎ አየዋለሁ፤ አቤቱታው በታየባቸው ሁለት ሳምንታት ከተማው ትንፋሹን ሰብስቧል፣ እኛም ወደ ቤታችን የተመለስነው በዚያ ጊዜ ነው። ፍርድ ቤቱ በመስከረም 13 ሌሊት የአሊ ቦንጎን ድምፅ ወደ 50.66 ከፍ፣ የአቶ ፒንግን ወደ 47.24 ዝቅ አድርጎ ውጤቱን አጸና። አሊ ቦንጎ መስከረም 17 ቀን ቃለ መሐላ ፈጸሙ። አቶ ፒንግ ግን የተመረጥኩት እኔ ነኝ ማለታቸውን አላቆሙም።

እኚህ ሰው ለ30 ዓመት ገደማ ያገለገሉትን ሥርዓት በሰባዎቹ ዕድሜያቸው መጋፈጣቸውን አንዳንዶቻችሁ የሥልጣን ጥም ብቻ አድርጋችሁ እንደምትመለከቱት ከደብዳቤዎቻችሁ ተረድቻለሁ። ጥሙ የለም አልልም። ሆኖም በእርሳቸው ስም ድምፅ የሰጡት የሰፈሬ ሰዎች የጠየቁት የአንድ ክፍለ ሀገር የቆጠራ ወረቀቶች ጣቢያ በጣቢያ ተነጥለው በይፋ እንዲታዩ ነው፤ ይህ ጥያቄ ይህን እስከጻፍኩበት ጊዜ ድረስ አልተመለሰላቸውም።

ሌሊት በመደበኛ ስልክ እየደወላችሁ፣ ወጪውን ሳትቆጥሩ ከእናቴ ጋር ያገናኛችሁኝ የቀድሞ የሥራ ባልደረቦቼ፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ የጸለያችሁልን፣ ለቆሰለው የመምህሩ ቀኝ እጅ ሕክምና ገንዘብ አዋጥታችሁ የላካችሁ ወገኖቼ፣ የላካችሁት በሙሉ ደርሷቸዋል፤ ቁስሉም እየዳነ ነው። እርሳቸውም ምስጋናቸውን በእኔ በኩል አድርሰውላችኋል። ብድራችሁን እግዚአብሔር ይክፈልልን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ሊብረቪል፣ ጥቅምት 2009 ዓ.ም.