አባዬ፣ ቆሜ ነው የወደቅኩት

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
መስከረም 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ አባዬ፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እማዬና ሚጡስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሰላምታውን በዚሁ ልለፈው፣ ይቅርታ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በደወልኩ ቁጥር እማዬ «አባትህ ተኝቷል» ትለኛለች። ከጀርባዋ ሬዲዮህ ይሰማኛል። አንተ ሬዲዮ ከፍተህ ተኝተህ አታውቅም፤ ዜና እስኪያልቅ እንኳን ልትተኛ እኛንም አታስተነፍሰንም ነበር። ስለዚህ ስልኩን ትቼ በወረቀት መጣሁ። ደብዳቤውን የምታመጣልህ ሴትዮ የአሰላ ልጅ ናት፤ መነጽርህንና የስኳር መለኪያህን ወረቀቶች አብራ ይዛለች።

ቪዲዮውን አይተኸዋል። የሚጡ እጮኛ ቲክቶክ ላይ አግኝቶ ለእሷ፣ እሷ ለእማዬ፣ እማዬ ደግሞ እያለቀሰች ለአንተ። አሥራ አራት ሰከንድ ናት። ሞተሯ ትጋደማለች፣ እኔ ከጎኗ እጠፋለሁ፣ ቪዲዮው ይቆረጣል። የቀረጸው ልጅ ለቀልድ ብሎ የለቅሶ ዋሽንት ጨመረበት፤ እናት ታየዋለች ብሎ አላሰበም። ግማሽ ደቂቃ ቢቀጥል ኖሮ ተነስቼ ሱሪዬን ሳራግፍና ስድስት ሰው ሆዱን ይዞ ሲስቅ ታዩ ነበር።

አባዬ፣ ቆሜ ነው የወደቅኩት። እሁድ ከሰዓት ከጓደኞቼ ጋር ክትፎ በልተን ስንወጣ፣ ከመኪና ማቆሚያው ወደ መንገዱ በቀኝ ልታጠፍ ነበር። ፍጥነቴ በእግሩ ከሚሄድ ሰው አይበልጥም። መሪውን እስከ ጥጉ አዙሬዋለሁ። አንዲት መኪና ብቅ ስትል ደንግጬ የፊቱን ፍሬን ጨበጥኩ፤ በቃ። እንዲህ በዝግታ ስትሄድ መሪው ተጠምዝዞ የፊት ፍሬን ከተያዘ ሞተር ወደዞረችበት ትተኛለች፤ ይህን ለአንተ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ቀኝ እግሬን ባወርድ አስፋልቱ ለጎርፍ መውረጃ ያዘነበለበት ቦታ ሆነና መሬት አጣሁ። የሞተሯ መቀመጫ ከመሬት 83 ሴንቲሜትር ተኩል ይርቃል፣ የእኔን ቁመት ደግሞ ታውቀዋለህ። በቁመት በእማዬ ወጥቻለሁ።

ልቀቃት ማለት ነበረብኝ። በቆጂ መንገድ ላይ ያልከኝ ትዝ ይልሃል? ስምንት ዓመቴ ነበር መሰለኝ፣ ከኋላ እቃ መጫኛው ላይ የምርጥ ዘር ጆንያ ተደግፌ ተቀምጫለሁ። የግብርና ቢሮዋ ያማሃ ጥቁር ጭቃው ውስጥ ገብታ ስትንገዳገድ «ዝለል!» ብለህ ጮህክ፣ ዘለልኩ። አንተ እጀታዋን ለቀህ እግርህን አንስተህ ቆምክ፣ እሷ ቀስ ብላ ተኛች። ኮትህ ላይ ጠብታ ጭቃ አልነበረም። ከዚያ ጎንበስ ብለህ የቤንዚኑን መዝጊያ አዞርክና «ብረት ይበየዳል፣ ወገብ አይበየድም» አልከኝ። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ቆይቼ ከ210 ኪሎ በላይ የምትመዝን ሞተር በአንድ እጄ ልደግፍ ሞከርኩ። የፊት ፍሬኑ እጀታ ተቀነጠሰ፣ የቀኙ ስፖኪዮ ረገፈ፣ ፍሬቻው ተሰበረ። የእጄን አንጓም ትንሽ ወለም አለኝ። ትንሽ ነው።

አሁን ደግሞ የደበቅኩትን ልናገር። ለእማዬ «ሁለት ቀን አሞኝ ነበር» ያልኳት ውሸት ነው፤ ዘጠኝ ቀን ሥራ አልገባሁም። ጋራዥ ውስጥ ማታ ማታ የሰው መኪና አስገብቼ የማስወጣው እኔ ነኝ፣ በአንድ እጅ ደግሞ አይሆንም፤ ካልሠራህ አይከፈልህም። ባለፈው ወር የላክኩት ያነሰው ለዚህ ነው። እማዬ በደግነቷ «ዶላር ጨመረ ይላሉ፣ ያንተ ምነው ቀነሰ?» ብላ ስትስቅ እኔም አብሬ ሳቅኩ። በሐምሌ 57 ብር የነበረው ዶላር ከ100 ማለፉ እውነት ነው፣ ግን የዘይቱና የጤፉ ዋጋ አብሮት መውጣቱን ሚጡ ነግራኛለች። ትናንት 1,200 ዶላር በባንክ ልኬያለሁ። የሚጡ ሠርግ ድንኳኑና በሬው ከዚያ ይሁን። ከበቃ ለእማዬ ጥሩ የሀገር ልብስ፤ አዲስ ይሁን፣ የተከራየ እንዳይሆን።

«ለዶቅዶቄ ብር አለው» ማለትህን ሰምቻለሁ። ማን ነገረህ አትበለኝ። አሮጌ ሱዙኪ ናት፣ ሁለት ዓመት አጠራቅሜ ነው የገዛኋት፣ ከእናንተ ድርሻ አንድ ሳንቲም አልነካሁም። ከሥራ የምወጣው ባቡር ካቆመ በኋላ ነው፤ ታክሲው በሳምንት ስንት እንደሚፈጅ ብነግርህ አንተው ራስህ ግዛ ትለኝ ነበር። ለመኪና ኢንሹራንስም አቅም የለኝም። ትምህርቱን ሁለት ቀን ተምሬ፣ መንጃ ፈቃዱን አውጥቼ ነው፤ እዚህ ያለ ሄልሜት መንዳት ደግሞ በሕግ ክልክል ነው።

ይሄን ሁሉ ከጻፍኩ በኋላ ሳነበው የጠበቃ ደብዳቤ መሰለኝ። እውነቱን ልንገርህ? መጀመሪያ ያየኋት ቀን ሰውየው ሲያስነሳት ቤንዚኑ ሸተተኝ፤ ቅዳሜ ማታ ከገጠር ስትመለስ ኮትህ የሚሸተውን ሸተተኝ። ዋጋ እንኳ አልተከራከርኩም።

ደግሞ ስማ። ሥልጠናው ላይ አስተማሪው የወደቀች ሞተር አጋድሞ «ማን ያነሳታል?» አለ። አንዱ ፈርጣማ ልጅ ጎንበስ ብሎ ሲታገል ወገቡን ሊቆርጠው ነው። አስተማሪው ገለል አድርጎት መጀመሪያ ሞተሩን አጠፋ፣ ማርሽ ውስጥ አስገባት፣ በቀኝ ስለተኛች በግራ በኩል ማቆሚያዋን ዘረጋላት። ቀጥሎ ጀርባውን ሰጣትና መቀመጫዋ ላይ ቂጡን ደገፍ አደረገ፤ በአንድ እጁ የመሪውን ጫፍ፣ በሌላው የኋላ ብረቷን ያዘና በእግሩ ብቻ እየገፋ በአጭር በአጭር እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ሞተሯ ተነሳች። ሁሉም ሲያጨበጭብ እኔ ዝም አልኩ። በቆጂ መንገድ ላይ ያየሁት ጀርባ ነው። አንተን ማን አስተማረህ?

ወደሚያስቆጣህ ነገር ልምጣ፣ ከሌላ ሰው ከምትሰማ። ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ፣ ሰባት ሆነን ለሁለት ቀን ወደ ሸናንዶዋ ተራራ እንወጣለን። ቅጠሉ የሚቀላበትና የሚረግፍበት ወቅት ነው፤ የአገሩ ሰው ሁሉ ለዚያ ይወጣል። መንገዱ ከፍሮንት ሮያል ከተማ ተነስቶ በተራራው ጫፍ ጫፍ 169 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ከ56 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ መንዳትም አይፈቀድም። እና ተራራ ሲሉህ እንዳትደነግጥ፤ የፓርኩ ከፍተኛው ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ነው፣ የአሰላን ግማሽ ማለት ነው። ጭላሎን ለለመደ ሰው ሜዳ ነው። ለእማዬ ይህንኑ ንገራት፣ ገደሉን ተወው።

የሚመራን ስልሳ ዓመት ያለፋቸው የታክሲ ሾፌር ናቸው፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። ሳይስቁብኝ የቀሩት ያን ቀን እሳቸው ብቻ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ባዶ የመኪና ማቆሚያ እየወሰዱ ያሠሩኛል። ስምንት ቁጥር እየሠራሁ መዞር፤ የፊት ፍሬን አይነካም፣ የኋላውን በእግር ለስለስ አድርጎ ይዞ፣ ነዳጁን ሳያጓድሉ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ላይ ማጫወት። ዓይን መሬት ካየ መሬት ትሄዳለህ፤ አገጭህን ወደምትዞርበት አዙር ይሉኛል። የመጀመሪያው ቀን ሁለት ጊዜ እግሬን አወረድኩ፣ ትናንት አንድም። ያንተዋ ያማሃ ይዛው የተወለደችውን የጎን መከላከያ ብረትም ገዝቼ አስገጥሜላታለሁ። ካቴናዋን አጥቤ ዘይት ቀብቻለሁ፣ ጎማዋን ጠዋት ሳትሞቅ ነፋስ ለክቻለሁ።

ስንጓዝ እንደ ዝይ ግራና ቀኝ ሰበር ብለን ነው፤ ቀጥታ ከፊትህ ካለው ሁለት ሰከንድ ትርቃለህ፣ ጠመዝማዛ ላይ ግን አንድ በአንድ። ማንም ከአቅሙ በላይ ሌላውን አይከተልም፤ የቀረ ካለ መገንጠያ ላይ ይጠበቃል። ጋሼ የሚፈሩት ጠመዝማዛውን ሳይሆን ፎቶ ማንሻ ቦታዎቹን ነው። ተዳፋት ነው፣ ጠጠር አለ፣ እርጥብ ቅጠል አለ፣ ሰዉ ደክሞታል፣ ሁሉም ያያል፤ ሞተር የሚወድቀው እዚያ ነው አሉ። ስለዚህ ቁልቁል አፍንጫዋን አድርጎ የሚያቆም የለም፤ መጀመሪያ ማቆሚያዋ ይዘረጋል፣ በማርሽ ትቆማለች፣ ከዚያ ነው ከመቀመጫው መውረድ። እኔን ደግሞ ጭራ አድርገውኛል፣ የሁሉም መጨረሻ። የወደቀ ሰው የወደቀውን ለማንሳት አይቸኩልም አሉ፤ ምን ለማለት እንደሆነ አልገባኝም፣ ግን ደስ አለኝ።

ሚጡ… ስለ እሷ መጻፍ ፈርቼ ነው በሞተር የከበብኩት። ጥር 18 አልመጣም አባዬ። ወረቀቴ አላለቀም፣ ከወጣሁ መመለስ የለም። ጠበቃዬን ሁለት ጊዜ ጠይቄ ሁለት ጊዜ አንድ መልስ ነው የሰጠኝ። ለእሷ ገና አልነገርኳትም፤ «ሻንጣህን አዘጋጅ» እያለች የቬሎዋን ፎቶ ትልክልኛለች፣ እኔም «ያምርብሻል» እያልኩ አልፋለሁ። ነጩ ክንዱ ረጅም የሆነው ነው የሚያምርባት፣ ያኛውን አትልበስ። ሳይክል ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ቁልቁለት ለቅቄያት አጥር ውስጥ ገብታ አገጯ ላይ ሦስት ስፌት። አሁን በፎቶ ስትስቅ ጠባሳው ይታያል። ሰርገኛው ሲመጣ በሩን ይዞ የሚከለክል ወንድም ያስፈልጋታል። የአክስቴ ልጅ ይያዝልኝ፣ ግን በቶሎ እንዳይለቅ ንገረው፤ ያ ቲክቶከኛ ሙሽራ ትንሽ ይለምን። እንደማልመጣ አንተ ንገራት። እኔ ብነግራት ታለቅሳለች፣ እኔም እንደዚያው።

ጉልበትህስ? እማዬ «ደረጃ መውጣት አቅቶታል» ትላለች፣ አንተ ደግሞ «ብርድ ነው» ትላለህ አሉ። ሐኪም ይየው፣ የሠርጉን ቀን ቆመህ ትውላለህ። የስኳር መለኪያው ወረቀት ቁጥሩ ሃምሳ ነው፤ ጠዋት ምንም ሳትቀምስ ለካ፣ ሚጡ በደብተር ትጻፈው። ጣትህን ከጎን ነው እንጂ ከጫፉ አትውጋ፣ ያማል። ቆርቆሮውን ክፍት አትተው፣ እርጥበት ያበላሸዋል። በሠርጉ ሳምንት ጠጁን… ያው ታውቃለህ።

ቅዳሜ ማታ ከተራራው እደውላለሁ፤ እናንተ ጋ እሁድ ሊነጋጋ ሲል ይሆናል፣ እማዬ ቅዳሴ ሄዳ አንተ ብቻህን ነህ። ሬዲዮውን ዝቅ አድርገህ አንሳው። ካታር ወንዝ ዳር የወደቅክ ጊዜ የትኛውን እግርህን እንዳወረድክ ልጠይቅህ ነው።

ልጅህ