ፍልሰታ ሳይገባ

እማዬ፣

እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? ስልክ ላይ «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትይና ወዲያው ወደ ልጆቹ ታልፊያለሽ። ስኳርሽ ስንት እንደሆነ ስጠይቅሽ ደግሞ መስመሩ ይቆራረጣል። የእኛ ቤት ስልክ የሚቆራረጠው ጥያቄ ሲጠላ መሆኑን አባዬም ያውቅ ነበር። ስለዚህ ይኼን በሰው እጅ ላኩልሽ። መነጽርሽን አድርገሽ ራስሽ አንብቢው። ለእህቴም አታስነብቢያት።

መጀመሪያ የልጆቹን ወሬ ልንገርሽ። ትንሹ የፊት ጥርሱ ወለቀ። ጣሪያ ላይ እንወርውር ብዬው ነበር፣ አምስተኛ ፎቅ መሆናችንን ረስቼ። የዚህ አገር ልጆች ጥርሳቸውን ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ከተው ይተኛሉ፣ ጠዋት ሲነሱ ሳንቲም ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ሳንቲሙን የምትከተው እናት ናት እንግዲህ። አሁን ሌሎቹን ጥርሶች በምላሱ እየነቀነቀ ነው፣ ገበያ አግኝቷል። አማርኛው ጥሩ ነው። አንቺን ሲያወራ «አንተ» እያለ የሚያስቅሽን ነገር ግን ገና አልተወም።

ትልቋ ቁመቷ እኔ ጋ ደርሷል። ጫማዬን ትወስዳለች፣ ስጠይቃት የራሷ እንደሆነ ትምላለች። ስለሷ የምነግርሽ ሌላም አለ፣ እመጣበታለሁ።

እማዬ፣ በየእሁዱ ስትደውዪ መጀመሪያ የምትጠይቂኝ «ቤተ ክርስቲያን ሄድሽ?» ብለሽ ነው። እኔ «ሥራ ነበረኝ» እላለሁ። አንዳንዴ እውነት ነው። የአዛውንቶች ቤት እሁድ ብሎ አይዘጋም። ግን ሥራ በሌለኝ እሁድም አልሄድኩም። ለልጆቹ ክርስትና ሄጃለሁ፣ ለሷ በ80 ቀኗ፣ ለሱ በ40 ቀኑ፣ ፎቶውንም ግድግዳሽ ላይ ሰቅለሽዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ትንሽ ነው። ጾሙንም እንደ ድሮዬ አልይዝም። አሁን እያነበብሽ ከንፈርሽን ስትመጪ ይታየኛል። ቆይ፣ አልጨረስኩም።

አርፌ አልተቀመጥኩም ማለቴ ነው። አንድ የሥራ ጓደኛዬ ጸሎት ቤታቸው ወሰደችኝ። ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ቡናቸውም ጥሩ ነው። ግን ሁሉም እጃቸውን ጭነው ጮክ ብለው ሲጸልዩልኝ እኔ የማስበው ስለ ፀጉሬ ነበር። ዮጋም ሞክሬአለሁ። መጨረሻ ላይ መብራት አጥፍተው መሬት ላይ ያስተኙሻል፣ ከሌሊት ሥራ የወጣ ሰው እንቅልፍ ይወስደዋል እንጂ ምን ይመጣለታል? ስልኬ ላይም አንድ አፕ ጫንኩ። ለስላሳ ድምፅ ያላት ሴት «ትንፋሽሽን አድምጪ» ትላለች። መጀመሪያ ላይ ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው፣ ልቤ ረጋ ይል ነበር። ከዚያ ነጻው ጊዜ አለቀና ትንፋሼን ለማድመጥ ክፈዪ አለችኝ።

የእኛም ቤተ ክርስቲያን ሄጃለሁ። ሕንፃው የስዊድኖቹ ነው፣ ለእኛ ሰዎች ያውሱታል። ዕጣኑ ገና ከደረጃው ላይ ሲቀበለኝ እንባዬ መጣ። ሰዉም «ጠፋሽ» ብሎ አቀፈኝ። ግን በሩ ላይ ስደርስ እግሬ ቆመ። ማንም አልከለከለኝም። የሚከለክል ነገርም አልነበረብኝም። ዝም ብዬ በሩ ላይ ቆሜ ቅዳሴውን ጨረስኩ፣ ሰው ሲወጣ አብሬ ወጣሁ። ይኼ አንድ ጊዜ ብቻ የሆነ አይደለም።

ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? የምታውቂ ይመስለኛል።

13 ዓመቴ ነበር፣ ፍልሰታ። ከነሐሴ 1 ጀምሮ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በየቀኑ ይቆርብ ነበር። የጾም ቅዳሴ ስለሆነ የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው፣ እስከዚያ ሆዳችን ይጮኻል፣ አንዳችን የሌላውን ሆድ እየሰማን እንስቃለን። አንቺ ቀሚሴን በሌሊት ታጥቢልኛለሽ፣ በዚያ ዝናብ ስለማይደርቅ በካውያ ታደርቂዋለሽ። ለዚያ ለካውያው አመስግኜሽ አላውቅም፣ አሁን ላመስግንሽ። ያን ቀን ጠዋት የሆንኩትን ነገርኩሽ። ምንም አላልሽም፣ ጨርቅ ሰጠሽኝ። ጸጥ ስትዪ ሁሉም ደኅና መሰለኝ፣ ልብሴን ለብሼ ተከተልኩሽ። በሩ ላይ ስንደርስ ነው፣ ልጆቹ ሁሉ ባሉበት፣ «አንቺ እዚህ ቁሚ» ያልሽኝ። የጎረቤታችን ልጅ «ምን ሆና ነው?» ሲል «አሟታል» አልሽው። ጮክ ብለሽ። ገባችሁ።

ጥዱ ሥር ቆምኩ። ጧፍ ሻጯ አየችኝና ፊቷን አዞረች፣ ገብቷታል። ዝናቡ መጣ። ቅዳሴው ሲያልቅ ልጆቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወጡ። እኔም ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግኩ። የቆረብኩ እንዲመስል። አንቺ መጣሽና አየሽኝ። ምንም ሳትናገሪ ነጠላውን ከአፌ ላይ ሳብሽው።

እማዬ፣ ሥርዓቱ የአንቺ ፈጠራ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አያቴም አንቺን እንዲሁ ነው ያደረገችሽ፣ ምናልባት ከዚያም በባሰ። በኋላ አንድ ቄስ እዚህ ጠይቄአለሁ። ቁጭ ብለው አስረዱኝ። ቅጥር ግቢው ውስጥ ሆኖ ቅዳሴ መከታተል ይቻላል፣ ቤት ውስጥ መጸለይ ደግሞ ማንም ከልክሎ አያውቅም አሉኝ። ይኼንኑ አንቺም ታውቂ ነበር። አንቺ ራስሽ በወሩ በእነዚያ ቀኖች ዳዊትሽን አጥፈሽ አታውቂም፣ አይቼሻለሁ። «ጸሎት ግን አይከለከልም» ብትዪኝ ኖሮ እኔ ጥዱ ሥር ሆኜ እጸልይ ነበር። እኔ ግን የመሰለኝ እግዚአብሔር አጥሩ ውስጥ እንዳለና እኔ ውጪ እንደቀረሁ ነው። ልጅ ነኝ፣ ምን ላድርግ?

በቃ፣ ይኼን ካልኩ አሁን የሚቀጥለው ቀላል ነው።

በአንድ ሌሊት፣ ክረምት ነው፣ የዚህ አገር ክረምት ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ይጨልማል፣ አንዲት የማጥባት የማበላት አሮጊት ልትሞት ሆነ። ልጇ መንገድ ላይ ነው፣ አልደረሰም። ሃይማኖት የላትም፣ ደጋግማ ነግራኛለች፣ ትስቅብኝም ነበር። እጇን ያዝኩ። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። ሳላስበው በጣቶቼ አንጓ መቁጠር ጀመርኩ። እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ፣ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ። አንቺ ወጥ እያማሰልሽ በግራ እጅሽ እንደምትቆጥሪው። 41 ሞላሁና ደገምኩት። ልጇ ሲደርስ ነፍሷ አልወጣችም ነበር። እኔ ቤቴ ገባሁና ከሻንጣው ሥር የአባዬን ዳዊት አወጣሁ። አንቺ ልብሴ መሀል ደብቀሽ የላክሽው ነው። ማህደሩ አሁንም የሱን ኮት ይሸታል።

ከዚያ ወዲህ ከሌሊት ሥራ ስመለስ ልጆቹ ሳይነሱ ኩሽናው ውስጥ እቆማለሁ። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ነው፣ ቤቱን ስከራየው ይኼን አላሰብኩም ነበር። ሲሆንልኝ አንድ ንጉሥ ዳዊት፣ አሥሩን መዝሙር፣ እደግማለሁ። የሰኞውን በሰኞ፣ የማክሰኞውን በማክሰኞ ማድረስ አልሆነልኝም፣ ለዚያ የአንቺ ጉልበት ያስፈልጋል። እግሬ ካበጠ 50ኛውን ብቻ እላለሁ፣ ተሣሃለኒን። ከዚያ ስም እጠራለሁ። የአንቺን፣ የአባዬን፣ የእህቴን በየክርስትና ስማችሁ። አብረውኝ የሚሠሩትን የክርስትና ስማቸውን ስለማላውቅ እንዲሁ በስማቸው። ያቺን አሮጊትም። ይፈቀድ አይፈቀድ አልጠየቅኩም።

በወሩ በእነዚያ ቀኖችም እቆማለሁ። በተለይ በእነዚያ ቀኖች።

ይኼ በቂ ነው አልልሽም። ቁርባን አይደለም። የነፍስ አባት የለኝም። ግን የኔ ነው፣ ማንም ሳያየኝ የማደርገው፣ ሳላደርገው ስውል ቀኑ ሙሉ የሚጎድለኝ። «ትጸልያለሽ ወይ?» ብለሽ ብትጠይቂኝ ከብዙ ዓመት በፊት አዎ እልሽ ነበር። አንቺ የምትጠይቂው «ሄድሽ ወይ?» ብለሽ ነው።

በኅዳር መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ስዊድኖች መቃብር ላይ ሻማ የሚያበሩበት ቀን አላቸው። ዓመቱን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ዝር የማይል ሁሉ በዚያ ቀን ይወጣል። ከስቶክሆልም በስተደቡብ ያለው ትልቁ መቃብር ጥድ ጫካ ውስጥ ነው። በ1994 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፣ እኔ ግን የማውቀው አንዷን አሮጊት በጋሪ እየገፋሁ ወስጄ ነው። ዘመዳቸው ሌላ ቦታ የተቀበረባቸው ሰዎች የሚያበሩበትም ስፍራ አለ። ለአባዬ አንድ ለኮስኩ። ቀብሩ ላይ አልደረስኩም፣ ተዝካሩንም በገንዘብ ብቻ ነው የተካፈልኩት፣ አንቺ አንድም ቀን አንስተሽብኝ አታውቂም። ይኼንንም ላመስግንሽ።

አሁን ወደ ትልቋ ልምጣ። ዙሪያውን ስዞር የቆየሁት እሷ ላይ ለመድረስ ነው።

ባለፈው ወር የወር አበባዋ መጣ። አልደነገጠችም፣ ትምህርት ቤት አስተምረዋታል፣ እንዲያውም እኔን አስተማረችኝ። ለገና እንመጣለን፣ ትኬቱን ቆርጫለሁ። ከአንቺ ጋር ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ማደር ትፈልጋለች። ከበሮውን፣ ጽናጽሉን፣ መቋሚያውን ስልክ ላይ ስታይ ነው የምትውለው። እኔ አይደለሁም የገፋኋት፣ ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። ቀሚስ አሠሪላት፣ ጥለቱ አረንጓዴ ይሁን ብላለች።

ቀኑ ገጥሞባት ቢገኝ ሥርዓቱን አፍርሺ አልልሽም። ቀድመሽ ቤት ውስጥ፣ ለብቻዋ፣ ንገሪያት። ለምን እንደሆነ ንገሪያት፣ ትጠይቅሻለች፣ መልስ ከሌለሽም የለኝም በያት፣ ትቀበላለች። እኔ አብሬያት ውጪ እቆማለሁ። አንቺም ጉልበትሽ ከፈቀደ ከእኛ ጋር ብትሆኚ ደስ ይለኛል፣ ወንበር ይዘን እንሄዳለን። ሰው ምን ሆና ነው ካለሽ ግን አሟታል እንዳትዪ። እማዬ፣ ይኼን አደራ።

ሌላው ስለ ጾሙ ነው። ፍልሰታ ሊገባ ሳምንት ቀርቶታል። አባን ጠይቂያቸው፣ የታመመ ሰው እንደማይገደድ ካንቺ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ። እሳቸው ጹሚ ቢሉሽ እንኳ ለሐኪምሽ ሳትነግሪ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንዳትቆዪ። ኢንሱሊን ወግተሽ ምግብ ማዘግየት ይጥልሻል። አምና ደረጃው ላይ ያዞረሽን «ፀሐይ ነው» ብለሽኛል፣ በነሐሴ ምን ፀሐይ አለ? መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አትክፈቺው፣ ኢንሱሊኑ ቶሎ እንዳይሞቅብሽ።

ደብዳቤውን ያመጣልሽ ልጅ የስኳር መለኪያ ስትሪፕ ይዞልሻል። በየቀኑ ጠዋት ለኪና ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፊው፣ እሁድ ስትደውዪ ታነቢልኛለሽ። ለጎረቤት አታካፍዪው፣ አውቅሻለሁ።

ልጅሽ