ከኦፕራሲዮኑ በፊት እንድታነቢው

እህት ዓለሜ፣

እንደምን ከርመሻል? እትዬስ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸው ተሻላቸው? ከተጠፋፋን ስንት ጊዜ ሆነን! አንቺን ሳላስብ የዋልኩበት ሳምንት ግን የለም።

ታናሽ እህትሽ ደውላ ነገረችኝ። አንገት በላይ ሐኪም አይቶሽ በሁለቱም አፍንጫሽ ሥጋ በቅሏል ብሎሻል። ኦፕራሲዮን ታዞልሻል። አንቺ ደግሞ "ሞቼ ነው ፊቴን የማስነካው" ብለሻል አሉ። በስልክ የሚወራ ይረሳል፤ ይሄን ግን ደጋግመሽ እንድታነቢው ብዬ ጻፍኩልሽ። እኔም በዚያው አልፌያለሁና።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት ለዓመታት በአፌ ነበር የምተነፍሰው። ጠዋት ስነሳ ጉሮሮዬ ደርቆ፣ ግንባሬ ከብዶኝ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ሽታ መጥፋቱ ነበር። ቡና ሲቆላ ጭሱን አያለሁ፣ አይሸተኝም። ወጥ ሲያር የምሰማው ከሰው ነው። ጋዝ ቢያፈስ እንዴት አውቃለሁ እያልኩ ማታ ማታ ምድጃውን ደጋግሜ አየው ነበር። አንቺም እንዲሁ እንደሆንሽ እህትሽ ነገረችኝ።

የፈራሽው አጎትሽን አስበሽ ይመስለኛል። እሳቸው የተሠሩት በድሮው መንገድ ነው። የላይኛው ከንፈር ይገለበጣል፤ ከክራንቻ ጥርስ በላይ ድዱ ይቀደዳል፤ የጉንጩ አጥንት ይበሳል። መንገዱን ጆርጅ ካልድዌል ኒው ዮርክ ላይ በ1893፣ ሄንሪ ሉክ ደግሞ ፓሪስ ላይ በ1897 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጽፈውታል፤ ዛሬም በሁለቱ ስም ይጠራል። ፊት ያሳብጣል፣ ጉንጭና ጥርስ ያደነዝዛል። ብዙ ሰው ያን ሁሉ ችሎም በሽታው ይመለስበት ነበር።

ለምን እንደሚመለስ የገባኝ ሐኪሜ ሲያስረዳኝ ነው። በአፍንጫችን ዙሪያ አጥንት ውስጥ ያሉት ባዶ ክፍሎች፣ ሳይነስ የሚባሉት፣ ውስጠኛ ሽፋናቸው ላይ በዓይን የማይታዩ ፀጉር መሳይ ነገሮች አሉ። ንፍጡን ቀን ከሌት እየጠረጉ ወደ አንድ የተፈጥሮ ቀዳዳ ይወስዱታል። ሐኪም ከታች በኩል ሌላ ቀዳዳ ቢከፍትላቸውም አይሰሙም። አልፈውት ወደ ቀድሞው በር ይሄዳሉ። ያ በር ካበጠና ከተደፈነ ንፍጡ እዚያው ይታቆራል፣ ይመረቅዛል። ይህን ለዓመታት ያጠናው ኦስትሪያ ውስጥ ግራትስ ከተማ የነበረው ቫልተር ሜሰርክሊንገር ነው። በእሱ ሥራ ላይ ተመሥርቶ፣ ዴቪድ ኬኔዲ የሚባል ሐኪም በፈረንጆቹ 1985 እዚሁ ባልቲሞር፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሆኖ አዲሱን የኦፕራሲዮን ዘዴ ለአሜሪካ ሐኪሞች አስተዋወቀ። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ የራሱን በር ክፈትለት፣ የቀረውን ሽፋኑ ራሱ ይሠራዋል። እኔ ይሄን ስሰማ ነው ልቤ የረጋው።

ስለዚህ ፊትሽ ላይ ምላጭ አያርፍም። ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጥሻል። ቀጭን ካሜራ፣ ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ በአፍንጫሽ ቀዳዳ ይገባል። ሥጋው በዚያው ይወጣል፣ የተደፈነው በር ይሰፋል። ብዙ ሰው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል።

አደጋ የለውም ብዬ አልዋሽሽም። ዓይንሽን ከሳይነሱ የሚለየው አጥንት እንደ ወረቀት የሳሳ ነው። ከላይ በኩል ደግሞ አንጎል አለ። የራስ ቅልን ውስጡን የሚያሳየውን ምርመራ፣ ሲቲ ስካኑን፣ የሚያዙት ለዚህ ነው፤ የማንም ሰው አጥንት ከሌላው ጋር አንድ አይደለም። ከባድ ጉዳት ብዙ ጊዜ አይደርስም። ግን ስንት እንዲህ ያለ ኦፕራሲዮን እንደሠራ ሐኪምሽን ጠይቂው። መጠየቅ ነውር አይደለም። አስም ካለብሽ፣ አስፕሪን ስትወስጂም ደረትሽን የሚያፍንሽ ከሆነ ሳትደብቂ ንገሪው፤ የአፍንጫ ሥጋ፣ አስምና ይሄ የአስፕሪን ጣጣ፣ ሦስቱ አብረው የሚመጡባቸው ሰዎች አሉ። ለጉንፋን ብለሽ የምትወስጂውን ሁሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱንም ጭምር ንገሪው። ደም የሚያቀጥን ነገር አለበት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ያንቺ ነው። ሐኪሙ እስኪፈቅድልሽ አትናፈጪ። ማስነጠስ ከመጣ አፍሽን ከፍተሽ አስነጥሺ። ጀሪካን አታንሺ፣ ትራስሽን ከፍ አድርጊ። ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ቢወርድ አትደንግጪ። እንደ ውኃ የጠራ ነገር ጠብ ጠብ ካለ፣ ዓይንሽ ካበጠ ወይም እይታሽ ከተለወጠ ግን ሌሊትም ቢሆን ሂጂ።

በጨው ውኃ እጠቢ ይሉሻል። የቧንቧ ውኃ እንዳለ እንዳትጠቀሚ፣ አደራ። በፈረንጆቹ 2011 አሜሪካ፣ ሉዊዚያና ውስጥ አፍንጫቸውን በቧንቧ ውኃ ያጠቡ ሁለት ሰዎች አንጎል በሚበላ አሜባ ሞተዋል። አፍልተሽ አቀዝቅዢው። ከፍታ ላይ ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ፣ እንደ አዲስ አበባ ባለ ቦታ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ።

ሥጋው ተመልሶ ሊበቅል ይችላል። ኦፕራሲዮኑ መድኃኒቱን ቦታው ያደርስልሻል እንጂ መድኃኒቱን አያስቀርልሽም። ደህና ሆንኩ ብለሽ በአፍንጫ የሚነፋውን እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት፣ ስቴሮይዱን፣ እንዳታቋርጪ። ሽታም ለሁሉም እኩል አይመለስም። እኔ በመጀመሪያ የሸተተኝ ሳሙና ነበር፣ ልብስ ሳጥብ። አለቀስኩ። ዕጣን ለመለየት ቆየሁ።

በሚቀጥለው ቀጠሮሽ እህትሽን ይዘሽ ግቢ፤ ብቻሽን ስትሆኚ የሚሉሽ ግማሹ ያመልጥሻል። ሲቲውን እያሳየ እንዲያስረዳሽ ጠይቂው። ቀኑ ሲቆረጥ በቴሌግራም ጻፊልኝ፣ ፈረቃዬን ቀይሬ ስልኩ ላይ እሆናለሁ። እትዬን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

የዘወትር ጓደኛሽ