ቀብድ የማይከፈልበት ተስፋ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። በየጸሎት ቤቱ «ዘር ዝሩ» እየተባለ ስለሚሰበሰበው ገንዘብ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ አድርጋችኋል፣ ሰው ይወቀው። አንድ ቃል ግን ቆረቆረችኝ። ገንዘብ የሚሰጡትን ሴቶች «የዋሆች» ብላችኋቸዋል። ከሰጡት አንዷ እኔ ነኝ። የዋህ ግን አይደለሁም። በአንድ ፋብሪካ 31 ዓመት ደመወዝ ከፍያለሁ። ሰው በሌላው ሰው መስመር ላይ እንዳይፈርም ፔሮሉ ላይ ማስመሪያ አስቀምጬ ነበር የማስፈርመው። ማስመሪያው ዛሬም ቤቴ አለ፣ ጠርዙ በቀለም ጠቁሯል። በጉድለት ተይዤ አላውቅም።

ታዲያ እንዴት ተሸወድሽ ትሉኝ ይሆናል።

ባለቤቴ ኩላሊቱ ታሞ በሳምንት ሁለቴ፣ ብር ሲገኝ ሦስቴ ይታጠብ ነበር። አንዲት ወዳጄ ወደ አንድ የጸሎት ቤት ወሰደችኝ። ስሙን አልጠራም። አገልጋዩ «ጌታ ቃል ገብቶልሻል፣ ቃሉን የሚያንቀሳቅሰው ግን ዘር ነው» አለኝ። በዚያው ሳምንት እቁብ ደርሶኝ ነበር። 12,000 ብሩን ከነፖስታው ሰጠሁት። በሦስተኛው ወር ባለቤቴ አረፈ። ያው አገልጋይ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ቁጭ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እህቴ፣ ምናልባት ተጠራጥረሽ ይሆን?» አለኝ። በልጄ ዕድሜ ያለ ልጅ ነው፣ «እህቴ» የሚለኝ።

የብሩ ነገር ወጥቶልኛል። ያልወጣችልኝ ይቺ ጥያቄ ናት።

ጽሑፋችሁ ብሩን ቆጥሮ እሷን ዘለላት። ሰው በሥራው አይድንም ብለው ሲሰብኩ የሚውሉ ሰዎች እምነትን ራሱን ሥራ አድርገውት አረፉ። እንደ ቀን ሠራተኛ ይቆጣጠሩታል። ሞላ ካሉ ይከፈልሻል፣ ጎደለ ካሉ ይቆረጥብሻል። ቆጣሪዎቹ ደግሞ እነሱው ናቸው።

እናቴ ኦርቶዶክስ ነበረች። ወንድሜ ሕፃን ሳለ ታሞ ቁልቢ ገብርኤል ጃንጥላ ተሳለች። ልጁ ሲድን ነው እስከ ድሬዳዋ በባቡር ሄዳ፣ ለታኅሣሥ 19 ደርሳ ስለቷን ያስገባችው። እኔ ጴንጤ ከሆንኩ በኋላ በዚህ ስንት ጊዜ ተከራክረናል! አሁን ሳስበው ግን እሷ ትሻላለች። ጃንጥላው ምስጋና ነበር፣ የሄደውም ከተቀበለች በኋላ ነው። እኔ የሰጠሁት ቀብድ ነበር። «ዘር» ቢሉትም ስሙ ቀብድ ነው።

ከአርባው በኋላ መጽሐፍ ቅዱሴን እንደ ሒሳብ መዝገብ ከፈትኩት። ሮሜ ምዕራፍ 4 ላይ ጳውሎስ የሚናገረው በእኔው ሙያ ቋንቋ ነው። ለሚሠራ ሰው ደመወዝ ዕዳ ነው እንጂ ጸጋ አይደለም ይላል። ልክ ነው። እኔ በወር መጨረሻ ለሠራተኛው ቸርነት አድርጌለት አላውቅም፣ የራሱን ነው የሰጠሁት። ለአብርሃም ግን «ተቈጠረለት» ይላል። ሳይሠራበት በስሙ ተመዘገበ ማለት ነው።

ሒሳብ ሠራተኛ ደግሞ መጀመሪያ የሚያየው ቀን ነው። አመነ፣ ጽድቅም ሆኖ ተቈጠረለት የሚለው ዘፍጥረት 15 ላይ ነው። እስማኤል ሲወለድ አብራም 86 ዓመቱ ነው፣ ይህ ምዕራፍ 16 ነው። የተገረዘው በ99 ዓመቱ፣ ምዕራፍ 17 ላይ ነው። ስለዚህ ገቢው ከግርዘቱ ቢያንስ 13 ዓመት ቀድሞ ተመዝግቧል። ጳውሎስም «ሳይገረዝ ነው» ብሎ የሚሟገተው ይህንኑ የቀን ቅደም ተከተል ይዞ ነው። ይስሐቅን ሊሠዋ የወጣው ከዚያም በኋላ ነው። እናቴ ብትኖር «እምነት ያለ ሥራ የሞተ ነው» ብላ የያዕቆብን መልእክት ትጠቅስብኝ ነበር። እውነቷን ነው። ግን እማዬ፣ ደረሰኝ የሚቆረጠው ገንዘቡ ከገባ በኋላ ነው እላት ነበር።

እዚያው ምዕራፍ 15 ላይ ሌላም ነገር አለ፣ ስንት ዓመት ሳነበው አላስተዋልኩትም። በዚያ ዘመን ቃል ኪዳን የሚጋቡ ሰዎች ለሁለት በተከፈለ እንስሳ መካከል ያልፉ ነበር፣ ኤርምያስ 34 ላይም ይገኛል። አብራም ጊደሯን፣ ፍየሏንና በጉን ከፍሎ ትይዩ አስቀመጠ። ሥጋው ላይ የሚወርዱትን አሞሮች ሲያባርር ዋለ። ፀሐይ ስትገባ ከባድ እንቅልፍ ወደቀበት። የሚጨስ ምድጃና የእሳት ነበልባል በሥጋው መካከል አለፈ። አብራም አላለፈም። በእኛ ቤት ሁለቱም ወገን ያልፈረሙበት ውል ውድቅ ነው። ይኼኛውን አንዱ ብቻውን ፈርሞ አጸናው፣ ሌላው ተኝቷል።

ይህን ሳነብ ባለቤቴ ትዝ አለኝ። ማሽኑ ላይ አራት ሰዓት ይቆያል፣ ሦስቱን ይተኛል። ክንዱ ላይ ሁለት ቱቦ፣ እግሩ ላይ ጋቢ። አንድ ቀን ነቅቶ «እኔ እንኳን የምሰጠው የለኝም፣ ክንዴንም ለማሽኑ ሰጥቻለሁ» ብሎ ሳቀ። ያኔ የእቁቡን ብር መስጠቴን አልነገርኩትም ነበር። ሳልነግረው አረፈ።

ጌታ ለኩላሊቱ ቃል አልገባም። ይህን አሁን በድፍረት እላለሁ። ያንን ቃል የገባው ሌላ ሰው ነው። እኔ የያዝኩት ቃል ለሙታን ሕይወትን ይሰጣል የሚለውን ነው፣ እሱም እዚያው ሮሜ 4 ላይ አለ። መያዣውንም፣ ቀብዱን ማለት ነው፣ መንፈስ ቅዱስን የሰጠው ራሱ ነው፣ ኤፌሶን 1፥14 እንደሚለው። መያዣ ከእኔ አልተጠየቀም።

ባለፈው ሐሙስ ባሏ እጥበት የጀመረ አንዲት ሴት ቤቴ መጣች። ፖስታ ይዛለች። «ስንት ባደርግ ይበቃል ይመስልሻል?» አለችኝ። ያን ማስመሪያ አምጥቼ ሮሜ 4፥5 ሥር አስቀመጥኩላት። «ለማይሠራ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ዝም አለች። ከዚያ ፖስታውን ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ፣ «የማሽኑን ወረፋ በስንት ሰዓት ነበር የምትይዙት?» ብላ ጠየቀችኝ።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት አልኳት፣ ጋቢ መያዝ እንዳትረሳ ጭምር።

አክባሪያችሁ
ጡረተኛዋ ደመወዝ ከፋይ፣ ከአዲስ አበባ