ለወላጆች፦ የኅዳር 12 ጽዳት፣ የሰፈር ካርታና ሌሎች ወሬዎች

ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ይህ ደብዳቤ የመዋጮም የቅጣትም ጉዳይ አይደለም። ከትምህርት ቤት ወረቀት ሲመጣ ብዙዎቻችሁ መጀመሪያ የምታስቡት እሱን ስለሆነ ቀድሜ ልናገር ብዬ ነው። የዛሬው ጉዳይ ሰፈር ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በፒያሳና በአራት ኪሎ ዙሪያ የሆነውን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ በዝቷል፣ ግራና ቀኙ አበባ ሆኗል። ያደግንበት ቤትም ፈርሷል፣ ጎረቤትም ተለያይቷል። ሁለቱም እውነት ነው፤ እዚህ ላይ ክርክር ልከፍት አልፈልግም። እንደ ርዕሰ መምህር እኔን የሚመለከተኝ ልጆቹ አሁንም እዚሁ መምጣታቸው ነው። ከቦሌ አራብሳ የሚነሳ አለ። ከገላን ጉራ የሚነሳ አለ፣ ያውም ጎህ ሳይቀድ። "መልቀቂያ ወስዳችሁ በቅርባችሁ ብታስመዘግቡስ?" ስንል "ልጄ ጓደኞቿን አጥታ ምን ልትሆን ነው?" የሚል መልስ ነው ያገኘነው። እኔም ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ ሰፈሩ አሁን የሚገናኘው በእኛ በር ላይ ነው። በአንድ ግቢ ቡና ይጠጡ የነበሩ እናቶች ዛሬ የሚተያዩት ልጅ ሊወስዱ ሲመጡ ነው። ማን ወለደ፣ ማን ታመመ፣ የማን ልጅ ተመረቀ፣ ሁሉም የሚወራው እዚያው ቆመው ነው። ጥበቃችን "በሩን ልዝጋበት!" ይላል፣ ማንም አይሰማውም። አንዳንድ ቀን እኔም ወጥቼ አብሬ ቆሜ አወራለሁ፣ እሱ ደግሞ በእኔ ይናደዳል።

ታዲያ ፀሐይ ላይ መቆም ለምን አስፈለገ? ከሰኞ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ከ9፡30 እስከ 11 ሰዓት የመመገቢያ አዳራሹ ለወላጆች ክፍት ነው። ወላጅ መምህር ኅብረቱም ተስማምቶበታል። ወንበር አለ፣ ጥላ አለ፣ ውሃ አለ። ቡናውን የምታፈሉት ግን እናንተው ናችሁ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ መጋቢ እናቶቻችን ለምገባው ሥራ ሌሊት ተነስተው ነው የሚመጡት። አዳራሹን አጥበው ጨርሰው ከሄዱ በኋላ የቡና አተላና የፈንዲሻ ፍርፋሪ ጠዋት እንዳይጠብቃቸው።

አሁን ወደ ኅዳር 12 ልምጣ።

ዓርብ በ9 ሰዓት የሰፈር ጽዳት አለን። ጠዋት ቅዱስ ሚካኤልን ልትነግሡ የምትሄዱ ብዙ ናችሁ። ቀኑ ዓርብ ስለሆነ ጁምዓም አለ። 9 ሰዓት ያልነው ሁሉም ጸሎቱን ጨርሶ እንዲደርስ ነው። ከበራችን ተነስተን ወደ ራስ መኮንን ድልድይ አቅጣጫ የእግረኛውን መንገድና የውሃ መውረጃውን እናጸዳለን። ወደ ወንዙ ግን አንድም ተማሪ አይወርድም። ወንዝ ዳር ያለውን ወላጆችና መምህራን እንጨርሰዋለን።

"ለምን በዚያ ቀን?" የሚል ጥያቄ ባለፈው ሳምንት ለሚኒ ሚዲያችን ቀርቦ ነበር። የ4ኛ ክፍል ልጅ ናት የጠየቀችው። ብዙ ወላጆችም ቀኑን "ኅዳር ሲታጠን" ብላችሁ ታውቁታላችሁ እንጂ ታሪኩን ለልጆች እንዳልነገራችኋቸው ገባኝ። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን መታት። ሕዝቡ "የኅዳር በሽታ" አለው። በከተማዋ ብቻ ወደ 10 ሺህ የሚሆን ሰው እንደሞተ ይገመታል። ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት። ሐኪም በጣት የሚቆጠር ነበር። ቤተሰብ ሙሉ በአንድ ጊዜ ሲተኛ ውሃ የሚያቀብል ጠፋ፣ ቀባሪም ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ከተሜው በየዓመቱ ኅዳር 12 ደጁን ጠርጎ፣ የጠረገውን ከምሮ ማቃጠል ልማዱ ሆነ። ጭሱ በሽታውን ያባርራል ተብሎ ይታመን ነበር።

የሳይንስ መምህራችን ይህን ሲሰሙ ዝም አላሉም። በሽታው በትንፋሽ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ቫይረስ እንጂ ከቆሻሻ ክምር የሚነሳ አይደለም ብለው በሚኒ ሚዲያው አስረዱ። ልክ ናቸው። እኔ ግን ለአያቶቻችን አደላለሁ። መድኃኒት በሌለበት ዘመን ከተማው ሁሉ በአንድ ቀን መጥረጊያ ማንሳቱ ቀላል ነገር አይደለም። ዛሬ ያንን በአንድ ብሎክ ኮንዶሚኒየም እንኳ ማስተባበር ምን ያህል እንደሚያለፋ የኮሚቴ አባል የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

ስለዚህ ቀኑን እናከብራለን፣ እሳቱን ግን እንተወዋለን። ድሮ የሚቃጠለው ቅጠልና ገለባ ነበር። የዛሬው ፌስታልና ላስቲክ ነው። ኅዳር 13 ጠዋት በሳል የሚቀሩ ልጆች በየዓመቱ አሉን። አስም ያለባቸው ደግሞ ይብስባቸዋል። እባካችሁ በየቤታችሁም ቢሆን ላስቲክ አታቃጥሉ፤ የምትኖሩበት ሰፈር ሩቅ ቢሆንም ለልጁ ሳንባ ያው ነው።

የምንሰበስበውን በሦስት እንለየዋለን። የሃይላንድ ጠርሙስና ቆርቆሮ ለቆራሌው ይሸጣል፤ በገንዘቡ የስፖርት ክበቡ ኳስ ይገዛበታል። ቅጠሉ ለጎመን መደባችን ኮምፖስት ይሆናል። የቀረውን የአካባቢው ቆሻሻ ሰብሳቢ ወጣቶች ይወስዱልናል። ያ የቀረው መጨረሻው ቆሼ ነው። መጋቢት 2009 ዓ.ም. ቆሼ ላይ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው መሞቱን እኛ ትልልቆቹ አንረሳውም። ተማሪዎቻችን ግን ያኔ ወይ አልተወለዱም፣ ወይ ጨቅላ ነበሩ። ለትልልቆቹ ክፍሎች መምህራን ነገሩን በለሆሳስ ይነግሯቸዋል። ለታናናሾቹ ግን እናንተ ካላነሳችሁት እኛ አናነሳውም።

መጥረጊያ፣ ጓንትና ማስክ ያለው ይዞ ይምጣ። መያዣው ጆንያ ይሁን። ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አምና ጸድቆ እኛ በፌስታል ቆሻሻ ስንሰበስብ ብንታይ ልጆቹ መጀመሪያ የሚስቁት በእኛ ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ወሬያችን የ6ኛ ክፍል ካርታ ነው።

ነገሩ የጀመረው በዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ጉብኝት ነው። ሙዚየሙ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ተማሪዎቻችንን በእግር እየወሰድን እናስጎበኛለን፤ ከዚህ ፒያሳ ሩቅ አይደለም። ልጆቹ የጦርነቱን ታሪክ በደንብ ተከታተሉ። ሲወጡ ግን ጥያቄያቸው ሌላ ሆነ። "ቲቸር፣ ይሄ ከመሠራቱ በፊት እዚህ ምን ነበር?" መምህሯ የምታውቀውን ነገረቻቸው፣ የማታውቀውን ደግሞ "አያቶቻችሁን ጠይቁ" አለቻቸው። ጠየቁ። ጠይቀውም ቢቀር ጥሩ ነበር፤ አሁን አያቶቹ ሁሉ ትምህርት ቤት መጥተው ማረም ጀምረዋል።

ካርታው በ6ኛ ክፍል ኮሪደር ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። በትልቅ ወረቀት፣ በእርሳስና በከለር የተሣለ ነው። ዳቦ ቤቱ አለ፣ ፎቶ ቤቱ አለ፣ ወርቅ ቤቶቹ በተርታ አሉ። ልብስ ሰፊው፣ ጠጅ ቤቱ፣ ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ፣ "ውሻው የሚያስፈራው ቤት" ሳይቀር ተጽፏል። በቦኖ ውሃው ላይ ግን ስምምነት የለም። አንድ አባት ከወፍጮ ቤቱ በላይ ነበር ይላሉ። አንዲት እናት ደግሞ በታች ነበር ብለው ይምላሉ፤ እንስራ ተሸክመው የተመላለሱት እሳቸው ስለሆኑ ማን ይከራከራቸዋል? መምህሯ ተቸግራ ቆየች። በካርታው ላይ አሁን ሁለት ቦኖ አለ።

ይህን ሥራ ከፈተናም ከውጤትም ጋር አላያያዝነውም። ልጆቹ ግን ለማርክ ከሚሠሩት የበለጠ ለፍተውበታል። ሁለት ነገር እንድትረዱን እንፈልጋለን። መጀመሪያ፣ የድሮ ሰፈር ፎቶ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። እዚያው አንስተን ወዲያው እንመልስላችኋለን፤ ዋናውን ፎቶ በልጅ እጅ እንዳትልኩት፣ እኛም ጋ እንዳትተዉት። ሁለተኛ፣ እናት አባት ወይም አያት ያላችሁ ሐሙስ ከሰዓት ይዛችኋቸው ብቅ በሉ። ደረጃ የማይችሉ ካሉ ካርታውን ወደ አዳራሹ እናወርደዋለን።

ስለ እድሩም ትንሽ ልበል፤ መጋዘናችን ውስጥ የተቀመጠው ድንኳን የማን ነው የሚል ጥያቄ ከወላጆች መጥቷልና።

የእድሩ አባላት በየአቅጣጫው ቢበተኑም መዋጮው አልተቋረጠም። ድሮ ጡሩንባ ነፊው በየመንደሩ እየዞረ ያረዳ ነበር። ዛሬ መርዶው በቴሌግራም ይመጣል፣ ሰውም በሁለት ታክሲ ተሳፍሮ ልቅሶ ይደርሳል። ችግራቸው ዕቃ ማስቀመጫ ነበር። ቤታቸው በልማቱ ሲነሳ ድንኳኑ፣ አግዳሚውና ጎላ ድስቱ መግቢያ አጣ። የእድሩ ዳኛ ቢሮዬ መጥተው አወሩኝ፤ ወላጅ መምህር ኅብረቱ ተወያየበት፣ ወረዳውም በደብዳቤ አወቀው። አንድ ባዶ የነበረ ክፍል ሰጠናቸው። እነሱ ደግሞ ለወላጆች ቀንና ለምረቃ ድንኳኑንና አግዳሚውን በነፃ ያውሱናል። እስካሁን ለድንኳን ኪራይ ምን ያህል እንደምናወጣ ለምታውቁ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አንዳንድ ወላጆች "ልጆች በሚማሩበት ግቢ የልቅሶ ዕቃ ደስ አይልም" ብላችሁኛል። ሰምቻችኋለሁ። ልቅሶ በግቢያችን አይደረግም፤ ዕቃው የሚወጣውና የሚገባው ተማሪ በሌለበት ሰዓት ነው። ከዚያ ያለፈውን ግን እኔ እንደ ችግር አላየውም። በዚያው ድንኳን ስንት ሠርግ ተበልቶበታል!

መንገዱን በተመለከተ አጭር ማሳሰቢያ። ልጆቹ ጠባብ መንገድ ለምደው ነው ያደጉት፤ አሁን መንገዱ ሰፊ ነው፣ መኪናውም ይፈጥናል። ጠዋትና ማታ የተማሪ ትራፊኮቻችን ዜብራው ላይ ይቆማሉ። ልጃችሁ ዜብራውን ትቶ በአጥር ሥር ሾልኮ የሚሻገር ከሆነ እኛም እንቆጣዋለን፣ እናንተም ተቆጡት። የብስክሌቱ መንገድ መሮጫ አይደለም። መኪና ያላችሁ ደግሞ በር ላይ አትቁሙ። "አንድ ደቂቃ ብቻ" እያላችሁ የምትቆሙት ሁላችሁም አንድ ላይ ስትሆኑ ምን እንደሚፈጠር ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መጥታችሁ ብታዩት እወዳለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት 5ኛና 6ኛ ክፍሎች አራት ኪሎ ወደሚገኘው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ይሄዳሉ። መግቢያ ክፍያ የለውም። ከሩቅ የምትመጡ ልጁን ቀጥታ እዚያው ማድረስ ትችላላችሁ፤ ሁለት መምህራን በር ላይ ይጠብቃሉ።

የሚድ ፈተና ፕሮግራም በልጆቹ መገናኛ ደብተር ላይ ተጽፏል።

በመጨረሻ፣ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ባለቤት ያጣ ሹራብ ተከምሯል። ሁሉም አንድ ዓይነት ቀለም ስለሆነ ስም ያልተጻፈበትን ለማን እንደምንሰጥ ጨንቆናል። እስከ ኅዳር 30 መጥታችሁ ፈልጉ። ከዚያ በኋላ ወላጅ መምህር ኅብረቱ ሹራብ ለሌላቸው ተማሪዎች ያከፋፍለዋል። የኅዳር ብርድ ደግሞ የምታውቁት ነው።

ከዚህ ወረቀት በታች ያለውን ቁራጭ ሞልታችሁ እስከ ማክሰኞ ለክፍል ኃላፊ መምህሩ መልሱልን። ዓርብ ለጽዳት ትመጡ እንደሆነ፣ ስንት ሆናችሁ እንደምትመጡ፣ መጥረጊያ ይኑራችሁ አይኑራችሁ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ማንበብና መጻፍ የሚያስቸግራቸው ወላጆች ካሉ ልጁ ይሙላላቸው፤ ጣት ያሳርፉበት፣ ይበቃል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር

ግልባጭ
ለወላጅ መምህር ኅብረት
ለክፍል ኃላፊ መምህራን
ለጥበቃ ክፍል (ከሰኞ ጀምሮ በሩ እስከ 11 ሰዓት አይዘጋም)